አገረ ገዥው ተጠሪነቱ ለማን ነው?

ከቤተ መንግሥት ርቆ የሚኖረው የኢትዮጵያ ሕዝብ አብዛኛው ንጉሡን በዐይኑ ሳያይ ዘመኑን የፈጸመ ስለ ሆነ፣ መንግሥት ማለት ለእርሱ በአገሩ ላይ የተሾመው ገዥ ነበረ፤ ዳኝነቱም፣ ግብሩም፣ የክተት ዐዋጁም፣ ምሕረቱና ቅጣቱም የሚደርሰው በዚሁ ሹም እጅ ነበርና። የአገረ ገዥው ሥልጣን ወሰኑ የት ነው፣ ገዥውስ ስለ ሥራው መልስ የሚሰጠው ለማን ነው የሚለው ጥያቄ ከዘመነ መሳፍንት እስከ ዛሬው ፌዴሬሽን ድረስ መልኩን እየለወጠ ሲነሣ የኖረው ስለዚህ ነው።

በቀደመው ሥርዐት ሁለት ዐይነት ገዦች ነበሩ። አንደኞቹ እንደ ዋግ ሹምና እንደ አምባሰሉ ጃንጥራር ማዕርጋቸው ከአገሩና ከዘራቸው ጋራ የተቈራኘ በመሆኑ ንጉሡ ከቤተ ዘመዱ መካከል ይመርጥ እንደ ሆነ እንጂ ከዘሩ ውጭ ለመሾም የሚቸገርባቸው ሲሆኑ፣ ሁለተኞቹ ደግሞ በንጉሡ ፈቃድ ብቻ የሚሾሙና የሚሻሩ ነበሩ። ሁለቱም ግን ነጋሪት ያስመታሉ፣ ችሎት ያስችላሉ፣ የራሳቸውን ጭፍራ ያሳድሩ ነበር፤ ከንጉሡም ደመወዝ የሚባል ነገር አይቀበሉም ነበር። ንጉሡ ሥዩመ እግዚአብሔር ነው ከተባለ ገዥው ሥዩመ ንጉሥ ነበረና፣ ሢመቱ ሁሉ ከላይ ወደ ታች ሲወርድ ከታች ወደ ላይ የሚወጣ የመጠየቂያ መንገድ አልተበጀለትም ነበር፤ የተበደለ ሰው ያለው ተስፋ ስንቁን ይዞ እስከ ንጉሠ ነገሥቱ ዙፋን ችሎት ድረስ መጓዝና «አቤት» ማለት ነበረ።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል» የተባለው ተረት የተወለደው ከዚህ ሥርዐት ነው። ተረቱ የሹማምንትን ስስት ለመንቀፍ ሲጠቀስ ይኖራል፤ እኔ ግን ከስስቱ አስቀድሞ የሥርዐቱን ጕድለት የሚመሰክር ይመስለኛል። ደመወዝ የሌለው፣ ወታደሩን የሚያበላው ከአገሩ ግብር የሆነ፣ የሚሻርበትንም ቀን የማያውቅ ሰው በችኰላ ቢበላ ምን ያስደንቃል? በደቡቡ አገር የነበረው ገባር ማርና እህል ከማግባቱ በላይ ለሹሙ ቤት ማገዶ ይለቅም፣ እህል ያስፈጭ፣ አጥር ያጥር ነበር፤ ሹሙ በተለወጠ ጊዜ ደግሞ አዲሱ ሹም ከአዲስ ጭፍራ ጋራ መጥቶ ያንኑ ሸክም እንደገና ይጭንበት ነበር።

ዐፄ ቴዎድሮስ ገዦችን ደመወዝተኛ ለማድረግ ቢያስቡም ዘመናቸው አልፈቀደላቸውም። ዐፄ ዮሐንስ በሸዋና በጎጃም ነገሥታትን አጽንተው በበላይነት መግዛትን መረጡ፤ ዐፄ ምኒልክም የጅማው አባ ጅፋር ግብራቸውን እየከፈሉ በውስጥ አስተዳደራቸው እንዲኖሩ ፈቀዱ። ይህ ሁሉ እንደየአገሩ ጠባይ የተደረገ ስምምነት ነበረ።

ስምምነቱ መፍረስ የጀመረው በተፈሪ መኰንን ዘመን ነው። በ1920 ዓ.ም. የሲዳሞው ገዥ ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ፣ የዐድዋው ጀግና፣ ወደ አዲስ አበባ በተጠሩ ጊዜ ለገዥ ክብር እንደሚገባው ብዙ ሺሕ ወታደር አስከትለው መጥተው ከከተማው ዳር ሰፈሩ። እርሳቸው ለግብዣ ወደ ቤተ መንግሥት በገቡበት ሰዓት በሰፈር የቀረው ጭፍራ በገንዘብና በማባበል ተበትኖ እንደ ቈያቸው ይተረካል፤ ያም ሆነ ይህ ወታደራቸው ከዳቸው፣ ግዛታቸውም ተወሰደ። ሽረታቸው አንዲት ጥይት ሳትተኰስ በመፈጸሙ የአገረ ገዥነት ኀይል በማዕርግና በዝና ላይ ሳይሆን በአዳሪው ወታደር ላይ ቆሞ እንደ ነበረ በግልጥ ታየ። በ1924 ዓ.ም. ደግሞ ራስ ኀይሉ ተክለ ሃይማኖት ከጎጃም ተሽረው ራስ እምሩ ኀይለ ሥላሴ ተተኩ፤ የራሱን ባላባቶች ልጅ በገዥነት ማየት ለለመደው ጎጃም ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።

ከጠላት ወረራ በኋላ ነሐሴ 21 ቀን 1934 ዓ.ም. በነጋሪት ጋዜጣ የወጣው የአስተዳደር ድንጋጌ ቍጥር 1 ነገሩን በሕግ ቋጨው። አገሪቱ በጠቅላይ ግዛት፣ በአውራጃና በወረዳ ተከፋፈለች፤ ጠቅላይ ገዥው በንጉሠ ነገሥቱ የሚሾም፣ በአገር ግዛት ሚኒስቴር በኩል የሚታዘዝ ደመወዝተኛ ሹም ሆነ፤ ግብሩ ወደ መንግሥት ግምጃ ቤት፣ ጦሩም ወደ መደበኛው ሠራዊት ዞረ። የትምህርትና የገንዘብ ሹማምንት እንኳ በገዥው ከተማ ተቀምጠው መልሳቸውን የሚሰጡት ለየሚኒስቴራቸው ነበረ። ገባሩን ከሹሙ ሸክም ያወጣ በመሆኑ ይህ ድንጋጌ መልካም ሥራ እንደ ሆነ አምናለሁ። ነገር ግን ከገዥው የተወሰደው ሥልጣን ሁሉ ወደ ማዕከል ሲሄድ ለአገሬው አንዳች አልደረሰውም፤ በ1948ቱ ሕገ መንግሥት ሕዝቡ የፓርላማ እንደራሴውን እንዲመርጥ ሲፈቀድለት እንኳ ገዥው ተሿሚ እንደ ሆነ ቀረ። በ1958 ዓ.ም. አውራጃዎች በተመረጠ ምክር ቤት ራሳቸውን እንዲያስተዳድሩ የወጣው ትእዛዝም የፓርላማውን ድጋፍ አጥቶ በወረቀት ላይ ቀረ።

የዚህ ጕድለት ዋጋ በጎጃም ታየ። በ1960 ዓ.ም. አዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር በታወጀ ጊዜ ባለርስቱ ገበሬ ግብሩን ርስቱን ለመንጠቅ እንደ ተዘጋጀ ወጥመድ አየው፤ ለጠቅላይ ገዥው ለደጃዝማች ፀሐዩ እንቍ ሥላሴ ያቀረበው አቤቱታም ሰሚ በማጣቱ በሞጣና በቢቸና ጠመንጃውን አነሣ። ጦር ከዘመተና ደም ከፈሰሰ በኋላ ውዝፉ ግብር ተማረ፣ ገዥውም ተነሡ፤ የተነሡት ግን ወደ ከፋ ጠቅላይ ገዥነት ተዛውረው ነበረ። በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ ሲፈነዳ የጅማ ሕዝብ በአደባባይ ወጥቶ እኚሁ ሰው እንዲነሡለት ጠየቀ። አንድ አገር የማይፈልገውን ገዥ ወደ ሌላ አገር ማዛወር እንደ ፍትሕ በተቈጠረበት ሥርዐት ሕዝቡ ድምፁን የሚያሰማበት ቦታ ዱርና አደባባይ ብቻ ሆኖ ቀረ።

ደርግ ጠቅላይ ግዛቱን ክፍለ ሀገር፣ ገዥውን አስተዳዳሪ አለው፤ የሢመቱ መንገድ ግን ያው ነበረ። እውነተኛው የሕግ ለውጥ የመጣው በ1987ቱ ሕገ መንግሥት ነው። ክልሎች የራሳቸው ሕገ መንግሥት፣ ምክር ቤትና ፖሊስ ኖሯቸው፣ ርዕሰ መስተዳድሩም በክልሉ ምክር ቤት የሚመረጥ ሆነ፤ ማዕከሉ በክልል ጕዳይ እጁን የሚያስገባው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ሲያዝ ወይም በ1995 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቍጥር 359 በወሰናቸው ምክንያቶች ነው። ከሕጉ ወጥቶ ተግባሩን ለሚያይ ሰው ግን የብዙ ክልሎች በጀት ከፌዴራል መንግሥት በሚመጣ ድጎማ ላይ ተደግፎ የኖረ ነው፤ ርዕሰ መስተዳድሩ የሚነሣበትና የሚተካበት ውሳኔም ብዙ ጊዜ በፓርቲው ስብሰባ አልቆ ወደ ምክር ቤቱ ለማጽደቂያ ይመጣ ነበር።

አንዳንዶች መፍትሔው ርዕሰ መስተዳድሩን ሕዝቡ በቀጥታ እንዲመርጠው ማድረግ ነው ይላሉ። ሐሳቡ የሚናቅ አይደለም፤ ይሁን እንጂ በገንዘቡ የማያዝ፣ በምክር ቤቱም የማይጠየቅ ሹም በምልአተ ሕዝብ ድምፅ ቢመረጥ እንኳ ነገ የሚያየው ወደ ሰጪው እጅ ስለ ሆነ፣ እኔ የማስቀድመው የክልሎች የራስ ገቢ እንዲሰፋና የምክር ቤት አባላት ሹማቸውን ሲያስቀምጡም ሆነ ሲያነሡ የፓርቲ ጥሪ ሳይጠብቁ በምስጢር ድምፅ እንዲወስኑ ነው።