ትንሹ ስፒከር ለምን ይህን ያህል ይወደዳል?

መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ፣ ቁመቱ ከክንድ የማያልፍ ጥንድ ስፒከር በውጭ ገበያ ከ200 ዶላር ጀምሮ እስከ ብዙ ሺህ ዶላር ይሸጣል። የእንግሊዙ ኬፍ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2012 የ50ኛ ዓመት በዓሉን ምክንያት አድርጎ ያወጣው ኤልኤስ50 ጥንዱ 1,500 ዶላር ነበር። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት ይህ ገንዘብ በባንክ ዋጋ 86 ሺህ ብር ገደማ ይሆን ነበር፤ ዶላሩ 100 ብር ሲያልፍ ከ150 ሺህ በላይ ሆነ፤ ያውም ቀረጥና ማጓጓዣ ሳይታከልበት። ስለዚህ ኢሉባቦር ውስጥ መቱ ወይም ጎሬ ተቀምጦ ሙዚቃ ለሚወድ ሰው፣ ያ ሁሉ ገንዘብ ጆሮው ድረስ ይደርሳል ወይስ መንገድ ላይ ይቀራል ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። የእኔ መልስ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት መቶ ዶላሮች ይደርሳሉ፣ ከዚያ በላይ ያለው አብዛኛው ግን መንገድ ላይ ይቀራል የሚል ነው።

የመጀመሪያው ገንዘብ በእርግጥ ሥራ ይሠራል። እጅግ ርካሽ የሆነውን ስፒከር ጀርባውን ፈትቶ ያየ ሰው ስስ ቺፑድ ያገኛል፤ ጎኑን በጣት ቢያንኳኳው ይጮኻል። ድምፁን ወፍራሙን ለሚያሰማው ዉፈርና ቀጭኑን ለሚያሰማው ትዊተር ማከፋፈል ያለበት ክሮስኦቨርም ብዙ ጊዜ አንዲት ካፓሲተር ብቻ ነው። በዚህ የተነሣ የዘፋኙ ድምፅ ይታፈናል፣ ማሲንቆው ጆሮ ይቧጥጣል። ሳጥኑን ማወፈር፣ ከውስጥ በድጋፍ ማሰር፣ ክሮስኦቨሩን በወጉ መሥራት ወጪ አለው፤ ልዩነቱንም ማንም ሰው ይለየዋል። ይሁንና ወጪው የሚያስደነግጥ አይደለም። አንድሪው ጆንስ የተባለው መሐንዲስ ለጃፓኑ ታድ ኩባንያ ጥንዱ በአሥር ሺዎች ዶላር የሚቆጠር ስፒከር ከነደፈ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ለጀርመኑ ኢላክ ዴቢዩ ቢ6ን ሠራ፤ ጥንዱ 280 ዶላር ነበር። የሙያው መጽሔቶችም አወደሱት። የንድፍ ዕውቀቱ አንዴ ከተገኘ ለርካሹም ለውዱም ያገለግላል፤ ዋጋውን ወደ ላይ የሚያወጣው እንጨቱ፣ ቀለሙ፣ በጥቂቱ መመረቱና ስሙ ነው።

ውድ ስፒከር የገዛ ሰው እዚህ ላይ «ልዩነቱን በጆሮዬ እሰማዋለሁ» ማለቱ አይቀርም። ይሰማዋል፤ ግን በምን? የድምፅ ተመራማሪዎቹ ፍሎይድ ቱልና ሾን ኦሊቭ እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተሙት ጥናት፣ አድማጮች አንዴ ስፒከሮቹ በመጋረጃ ተሸፍነው፣ አንዴ ደግሞ በግልጽ እያዩአቸው ነጥብ እንዲሰጡ አደረጉ። ሲያዩ ለትልልቁና ለውዱ ጨመሩ፣ ለትንሹና ለርካሹ ቀነሱ። ልምድ ያላቸው አድማጮችም ከዚህ አላመለጡም። ኦሊቭ ከ10 ዓመት በኋላ 70 ስፒከሮችን ለክቶ የአድማጭን ምርጫ ከመለኪያ ውጤት ብቻ በጣም ተቀራራቢ በሆነ መልኩ መተንበይ እንደሚቻል አሳየ። በቀመሩ ውስጥ የድምፁ እኩልነትና ልስላሴ፣ የባሱም ጥልቀት አለ፤ ዋጋ ግን የለም። ከነጥቡ 30 በመቶ ያህሉን የሚወስደው ባስ ነው።

ትንሽ ስፒከርን ደግሞ የሚያሸንፈው ይኸው ባስ ነው። የባስ ጊታር የመጨረሻ ወፍራም ክር 41 ኸርዝ ላይ ይርገበገባል። ድግግሞሹ በግማሽ በወረደ ቁጥር፣ ጩኸቱ ሳይቀንስ እንዲቀጥል ኮኑ፣ ማለትም የስፒከሩ ተርገብጋቢ ሽፋን፣ አራት እጥፍ ርቀት መመላለስ አለበት፤ 13 ሳንቲ ሜትር የሆነ ኮን ደግሞ የሚሄድበት ቦታ የለውም። ይህን ምንም ዓይነት ዋጋ አይሽረውም። ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ኤልኤስ3/5ኤ የተባለውን ትንሽ ስፒከር ለጠባብ የስርጭት መኪና ሲነድፍ መሐንዲሶቹ ጥልቅ ባስን ዐውቀው ትተውታል፤ ሥራው በመኪና ውስጥ የሰው ንግግርን በትክክል ማዳመጥ ነበርና። ያ የሥራ ዕቃ ዛሬ የሰብሳቢዎች ጌጥ ሆኖ በብዙ ሺህ ዶላር መሸጡ ትንሽ ያስቃል። በዚያ ላይ እንዲህ ያሉት ስፒከሮች ኃይል ይበላሉ፤ ድምፃቸው በ3 ዴሲቤል ብቻ እንዲጨምር ከአምፕሊፋየሩ እጥፍ ኃይል ይጠይቃሉ። የስፒከሩን ዋጋ የከፈለ ሰው ሂሳቡ ገና አልተዘጋም።

ከመቱ እስከ ኡካ ባሉት የኢሉባቦር ከተሞች ደግሞ ጉዳዩ ሌላ መልክ አለው። ዝናቡ በአገሪቱ ከሚታወቁት ከባዶች አንዱ ነው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ክረምት ላይ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲወርድ የ280 ዶላሩና የ1,500 ዶላሩ ልዩነት፣ ማለትም ስሱ የድምፅ ዝርዝር፣ ከሁሉ ቀድሞ የሚሰጥም ነው። ፀጥ ባለ ቀንም ቢሆን ከ300 ኸርዝ በታች የምንሰማው በአብዛኛው የክፍሉን ሥራ ነው፤ ስፒከሩን ከግድግዳው ጥግ ማራቅ ሺህ ዶላር ከመጨመር የበለጠ ለውጥ ሊያመጣ ይችላል። በሲሚንቶ የተለሰነውና ባዶ የሆነው ሳሎን የሚያስተጋባውን ደግሞ ወፍራም መጋረጃና ምንጣፍ ያበርዱታል።

የሚደመጠውም ነገር መታሰብ አለበት። የመቱ የመካከለኛ ሞገድ ማሰራጫ ለዓመታት ያሰማው የኢትዮጵያ ሬዲዮ ድምፅ በባሕርዩ ጠባብ ነው፤ ሬዲዮኑ ከ5 ሺህ ኸርዝ በላይ የሚያሰማው እምብዛም የለም። የሙዚቃ አሳታሚው አምሐ ሪከርድስ እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ ያሳተማቸው ሸክላዎችና ኋላ ካሴት ከካሴት እየተገለበጠ የተዳረሰው ዘፈንም ያው የዘመናቸው ወሰን አለባቸው። «ዛሬ ሁሉም በኢንተርኔት በጥራት ይገኛል» የሚል ሰው እውነት አለው፤ አዲሱ ቅጂ ጥሩ ስፒከር ይገባዋል። ጥሩ ማለት ግን እጅግ ውድ ማለት አይደለም።

ከውዱ ወገን የሚቀርበው ጠንካራ መከራከሪያ ዕድሜ ነው። እርጥበት በሚበዛበት አገር የኮኑ ዙሪያ ስፖንጅ ከሆነ ከዓመታት በኋላ ይፈረፈራል፤ ስፒከሩም መንዘር ይጀምራል። የገዢ ዓይን ከሳጥኑ ቀለም በፊት እዚያ ቢያርፍ ይጠቀማል፤ ዙሪያው ጎማ መሆኑን በጣት ጫፍ ቀስ ብሎ መንካት ይበቃል። ጎማው ግን ዛሬ በ200 ዶላሩም ጥንድ ላይ አለ።