ልጅዎ “የሥነ ጥበብ ታሪክ ልማር” ብትልዎ

“ልጄ አሜሪካ ሊበራል አርትስ ኮሌጅ ገብቼ ሥዕልና የሥነ ጥበብ ታሪክ ካልተማርኩ ትላለች፤ ምን ትመክረኛለህ?” የሚል ጥያቄ በየጊዜው ይቀርብልኛል። የሚጠይቁኝ በዚያው መንገድ ስላለፍኩ ነው። ጠያቂዎቹ በአብዛኛው ሐኪሞች፣ መሐንዲሶችና የባንክ ባለሙያዎች ናቸው። ከጥያቄው ጀርባ ያለው ስጋትም አይጠፋኝም። “በስንት ልፋት ያገኘችውን ስኮላርሺፕ ለሥዕል ታውለው?” ነው ነገሩ።

በመጀመሪያ ስሙ ያሳስታል። “አርትስ” የሚለው ቃል እዚህ ላይ የዕውቀት ዘርፎችን እንጂ ሥዕልን አያመለክትም። ጥንት ከሰባቱ ሊበራል አርትስ መካከል ሒሳብና ሥነ ፈለክ ይገኙ ነበር። ዛሬም እንደ ዊሊያምስ፣ አምኸርስትና ኦበርሊን ያሉት ኮሌጆች ፊዚክሱንም ኢኮኖሚክሱንም ያስተምራሉ። ተማሪው ዋና ትምህርቱን የሚመርጠው አብዛኛውን ጊዜ በሁለተኛው ዓመት ማብቂያ ሲሆን፣ በአራት ዓመት ከሚወስዳቸው 32 ገደማ ኮርሶች ውስጥ ዋናው ትምህርት የሚይዘው ሲሶውን ያህል ነው።

የእኛው የአለ ፈለገ ሰላም ትምህርት ቤት ከዚህ ይለያል። እዚያ የሚገባው ሠዓሊ ወይም ቀራፂ ልሁን ብሎ የቆረጠ፣ ዝንባሌውም የተፈተነ ነው። በሊበራል አርትስ ኮሌጅ ግን እርሳስ በቅጡ ያልጨበጠ ተማሪ ከባዮሎጂ ክፍል ወጥቶ ሥዕል ክፍል ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ዓላማዋ እጇን ማሠልጠን ብቻ ለሆነ ልጅ የአለ ትምህርት ቤት ይሻላታል ባይ ነኝ።

ታዲያ እዚያ ምን ይማራሉ? መመልከት ይማራሉ። የጥበብ ታሪክ ክፍል ጨለም ያለ ነው፤ ግድግዳው ላይ ሁለት ምስሎች ጎን ለጎን ይበራሉ። ይህ የማነፃፀር ዘዴ ከስዊዘርላንዳዊው ምሁር ከሃይንሪሽ ቮልፍሊን ስም ጋር ተያይዞ ይነሳል። አሠራሩን በአገራችን ምሳሌ ላሳይ። በሮም ሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተክርስቲያን ያለው የእመቤታችን ሥዕል ቅጂ በኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን በኩል ወደ ኢትዮጵያ መግባቱን ተመራማሪዎች ጽፈዋል። የሮሙን ሥዕል ከመጀመሪያው የጎንደር ዘመን ሥዕል ጋር ያስተያዩት። በሁለቱም ላይ እጆቿ ተደራርበዋል፤ ሕፃኑም በአንድ እጁ መጽሐፍ ይዞ በሌላው ይባርካል። የጎንደሩ ሠዓሊ ግን ጥላና ብርሃኑን ትቷል፤ የልብሱን እጥፋት ወደ መስመር ለውጦታል፤ ግራና ቀኝም ሰይፍ የመዘዙ ሚካኤልንና ገብርኤልን ጨምሯል። ተማሪዋ “የትኛው ያምራል?” ተብላ አትጠየቅም። ሠዓሊው ምኑን ጠበቀ? ምኑን ቀየረ? ስለምን? ነው የምትባለው። መልሷንም ሥዕሉ ላይ በሚታይ ማስረጃ መደገፍ ይኖርባታል። “እጅግ ውብ ነው” ብሎ መጻፍ ነጥብ አያሰጥም። እንደ እኔ አመለካከት አንድ ጠበቃ ወይም የራጅ ሐኪም ከዚህ የሚለይ ሥራ የለውም።

ስቱዲዮው ከታሪኩ ጋር የሚሰጠውም ለዚሁ ነው። እነዚያን የተደራረቡ እጆች አንድ ሰዓት ተቀምጦ የሣለ ሰው በአምስት ደቂቃ እይታ ያመለጠውን ያገኛል። ኦበርሊን ኮሌጅማ ከ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለተማሪዎቹ ከሙዚየሙ ስብስብ እውነተኛ ሥራዎችን ያከራያል። የፒካሶ ሕትመት በአንድ ሴሚስተር በ5 ዶላር! ተማሪው መኝታ ክፍሉ ውስጥ ሰቅሎት ያጠናል። ለዚህ ሲሉ ሌሊቱን ደጅ የሚያድሩ አሉ።

ወደ እንጀራው ጉዳይ እንምጣ። በዊሊያምስ ኮሌጅ ፌይሰን፣ ስቶዳርድና ፒርሰን የተባሉ ሦስት መምህራን ባስተማሩባቸው ዘመናት ብዙ የሙዚየም ኃላፊዎች ስለወጡ “የዊሊያምስ ማፊያ” የሚል ቅጽል ተሰጥቷቸዋል። ከ1988 እስከ 2008 ጉገንሃይምን የመሩት ቶማስ ክሬንስ እና ከ1995 እስከ 2025 የኒውዮርኩን የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም የመሩት ግሌን ላውሪ ከዚያ የወጡ ናቸው። ከእኛ ወገን ደግሞ በ1970 አዲስ አበባ የተወለደችው ጁሊ ምሕረቱ አለች። በ1992 የተመረቀችው ሚሺጋን ካለው ከትንሹ ካላማዙ ኮሌጅ ሲሆን፣ በመካከሉ ዳካር ሄዳ ተምራለች። በሥዕል የማስተርስ ዲግሪዋን ግን ያገኘችው በ1997 ከሮድ አይላንድ የዲዛይን ትምህርት ቤት ነው። ከካርታና ከከተማ ፕላን የሚነሱት ሥራዎቿ በ2016 በገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል ታይተዋል። በ2023 አንዱ ሥዕሏ ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጧል። ወላጆች ይህን አኃዝ ሲሰሙ ፊታቸው ሲፈካ አያለሁ፤ ነገር ግን እንዲህ ያለ ዕድል ለስንት ሠዓሊ ይደርሳል?

ስለዚህ ጉዳቱንም መንገር ተገቢ ነው። የሙዚየም ሥራ ጥቂት ነው፤ ጀማሪው የሚከፈለውም ከኢንጂነሩ ጋር አይወዳደርም። አሁን ባለው የአሜሪካ ደንብ መሠረት የውጭ አገር ተማሪ ከተመረቀ በኋላ በሙያው እንዲሠራ የሚፈቀድለት 12 ወር ነው። የሳይንስና የምህንድስና ምሩቅ 24 ወር ሲጨመርለት የጥበብ ታሪክ ምሩቁ ይህ የለውም። በእኔ ግምት ወላጅን ሊያሳስበው የሚገባው ከሥዕሉ ይልቅ ይኸኛው ነው። ሆኖም ሁለት ዋና ትምህርት አጣምሮ መያዝ ይቻላል፤ ከኢኮኖሚክስ ወይም ከኬሚስትሪ ጋር ሲጣመር አያስደነግጥም። ኬሚስትሪ የያዘ ተማሪ የጥንት ሥዕሎችን ወደማከም ሙያ መግባት ይችላል።

ማመልከቻው ከመሞላቱ በፊት ኮሌጁ የራሱ ሙዚየም እንዳለው፣ የቀለምና የሸራ ወጪም በስኮላርሺፑ ውስጥ መካተቱን ይጠይቁ። ልጅቷ ወደ ዶክትሬት የምታስብ ከሆነ ጀርመንኛ ወይም ፈረንሳይኛ ከመጀመሪያው ዓመት ትያዝ። ግዕዝ ካወቀች ደግሞ ትልቅ ሀብት ነው። ከ2023 መጨረሻ እስከ 2024 በባልቲሞር፣ በሴለምና በቶሊዶ ሙዚየሞች የተዘዋወረው የኢትዮጵያ ጥበብ ዐውደ ርዕይ ብራናዎችንም ያካተተ ነበር። የብራናውን ሥዕል የሚያይ ብዙ ነው፤ ከጎኑ የተጻፈውን የሚያነብ ተማሪ ግን በእነዚያ ክፍሎች እምብዛም አይገኝም።