«ሲመሽ አይታየኝም» ካለች ዝም አትበሉ!

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ነፍሰ ጡር ሚስታችሁ ወይም እህታችሁ ጀምበር ስትጠልቅ ግድግዳ እየዳበሰች መሄድ ብትጀምር ምን ትላላችሁ? «የእርግዝና ነገር ነው፣ ስትወልድ ይለቃታል» የሚለው መልስ የተለመደ ነው። ጭሮ (የቀድሞዋ አሰበ ተፈሪ) ደርሼ ስጠይቅም ያገኘሁት ይህንኑ ነው።

አንዲት የሂርና ወጣት ግን የደረሰባትን አጫወተችኝ። የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ሳለች ማታ ማታ ከፊቷ ያለውን ድስት መለየት ያቅታት ጀመር። አማቷ «ዳፍንት ነው፣ ሐኪም ይያት» አሉ። ባል ሆዬ «ፈርተሽ ነው» ብሎ ሳቀ። አንድ ምሽት ደጃፉ ላይ ተደናቅፋ ወደቀች። ደግነቱ ፅንሱ አልተጎዳም። ጤና ጣቢያ የወሰዳት ያን ጊዜ ነው።

አማትየዋ ልክ ነበሩ! በድንግዝግዝ የምናየው ዓይናችን ቫይታሚን ኤ ሲያገኝ ነው። ነፍሰ ጡር ደግሞ ለሁለት ነው የምትበላው። ማዕዷ ከማሽላና ከበቆሎ ካላለፈ ክምችቷ ይሟጠጣል፤ በተለይ በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት። በዚህ ላይ ጫት የምግብ ፍላጎት ይዘጋል። በርጫ ላይ ምሳዋን የረሳች ነፍሰ ጡር የረሳችው የልጇንም ምሳ ነው።

አዎ፣ ከወሊድ በኋላ ዳፍንቱ ሊለቃት ይችላል። ነገር ግን የተጎዳች እናት ወተትም ቫይታሚኑ ያንሰዋል። የሕፃኑ ዓይን ይደርቃል፣ ነጩ ላይ አረፋ የመሰለ ነገር ይታያል፤ ኩፍኝ ከተጨመረበትማ ብሌኑ ሊጠፋ ይችላል። ነገሩ በዓይን ብቻ አያበቃም። አልፍሬድ ሶመር የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1983 ባወጡት የኢንዶኔዥያ ጥናት፣ ቀላል ዳፍንት የነበረባቸው ሕፃናት ከሌሎቹ ይልቅ በብዛት ይሞቱ እንደነበር አሳይተዋል።

ታዲያ ምን ይሻላል? መድኃኒቱ ገበያ ላይ አለ፦ ጎመን፣ ዱባ፣ ካሮት፣ ፓፓያ፣ ማንጎ። ዘይት ወይም ቅቤ ጠብ ይበልበት፤ ያለዚያ ሰውነት በደንብ አይወስደውም። ነጩ ስኳር ድንች ግን ሆድ ይሞላል እንጂ ለዚህ አይረዳም፤ ውስጡ ብርቱካናማ የሆነውን ፈልጉ። እንቁላልና ወተትም ጥሩ ነው። ጉበት የበሰለ፣ ያውም በመጠኑ ይሁን።

ለሕፃናት እንክብል አለ። ከ6 እስከ 11 ወር ላሉት 100,000 ዩኒት አንድ ጊዜ፣ ከዚያ እስከ 5 ዓመት 200,000 ዩኒት በየ6 ወሩ ይሰጣል። አደራ፣ ይህን የልጆች እንክብል ነፍሰ ጡር እንዳትውጠው! ከመጠን ያለፈ ቫይታሚን ኤ ፅንሱ ላይ የአካል ጉድለት ሊያመጣ ይችላል። ለእሷ የሚሆነውን አነስተኛ መጠን የሚያዝላት ባለሙያ ነው።

ሌላም አለ። ቀን በብርሃን ዓይኗ ብዥ ካለ፣ ብልጭ ብልጭ ካለባት፣ ከባድ ራስ ምታት ከያዛት፣ ፊቷ ካበጠ ይህ ዳፍንት አይደለም። የደም ግፊት ሊሆን ይችላል፤ እናትንም ልጅንም ይገድላል። ነገ አይባልም፣ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል!

የተወለደውንም አትርሱ። በተወለደ በመጀመሪያው ሰዓት ዓይኑ ላይ የቴትራሳይክሊን ቅባት ይደረግለት። ቅባቱ በወሊድ ጊዜ ከእናት ሊተላለፍ ከሚችል፣ ዓይን ከሚያጠፋ ኢንፌክሽን ይከላከላል። በቀናት ውስጥ ዓይኑ መግል ከያዘ የጡት ወተት እያንጠባጠቡ መጠበቅ ጊዜ ማጥፋት ነው። ኩልም አትኳሉት፤ እርሳስ የተባለው መርዛም ማዕድን ያለበት ኩል አለ። የዓይኑ ጥቁር መሐሉ ነጭ ሆኖ ካያችሁ ደግሞ ካንሰር ወይም የዓይን ሞራ ሊሆን ይችላልና ለዓይን ሐኪም አሳዩት።

ወንድሞቼ፣ ለበርጫ ከምታወጡት ላይ የአንድ ፓፓያና የጥቂት እንቁላል ዋጋ ቀንሱላት። «አይታየኝም» ስትልም አትሳቁባት፤ እጇን ይዛችሁ ጤና ጣቢያ ውሰዷት።