የቀዶ ሕክምና ስፔሻሊስቶችና የማኔጅድ ኬር መስፋፋት

በአሜሪካ አንድ የቀዶ ሕክምና ስፔሻሊስት ሕመምተኛው ቀዶ ሕክምና እንደሚያስፈልገው ቢያረጋግጥም ውሳኔው የእርሱ ብቻ አይደለም። በብዙ የመድን ዕቅዶች መሠረት ሕመምተኛው በቅድሚያ ከጠቅላላ ሐኪሙ ሪፈር ማግኘት፣ የመድን ድርጅቱም ለሕክምናው ቅድመ ፈቃድ መስጠት ይኖርበታል። ማኔጅድ ኬር የሚባለው ይህ ወጪን የመቆጣጠር አሠራር እ.ኤ.አ. በ1973 በፕሬዚዳንት ኒክሰን ዘመን በወጣ ሕግ ተበረታቶ በ1990ዎቹ በስፋት ተሠራጭቷል። በ2023ም ከሜዲኬር ተጠቃሚዎች ከግማሽ የሚበልጡት በግል ድርጅቶች በሚመራው በዚሁ አሠራር ውስጥ ይገኙ ነበር።

ቀድሞ ሐኪሙ የሚከፈለው በሠራው ቀዶ ሕክምና ልክ ነበር። ይህም ለማያስፈልግ ቀዶ ሕክምና በር የሚከፍት በመሆኑ እንከን አልባ አልነበረም። በነፍስ ወከፍ አስቀድሞ በሚከፈልበት አሠራር ግን እያንዳንዱ ቀዶ ሕክምና ወጪ ሆኖ ስለሚቆጠር አደጋው ተገላቢጦሽ ነው፤ የሚያስፈልገው ሕክምና ሊዘገይ ወይም ሊቀር ይችላል።

ስፔሻሊስቶች ዋጋ በመቀነስ ብቻ ውል ለማግኘት መሽቀዳደማቸው ብዙ አያራምድም፤ ሁልጊዜ ከእነርሱ በታች የሚያቀርብ ይገኛልና። የተሻለው ምላሽ የሥራን ውጤት መዝግቦ ማቅረብ ነው። የአሜሪካ የጦር ጉዳተኞች ሆስፒታሎች በ1990ዎቹ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ባሉት 30 ቀናት የሚከሰተውን ሞትና ውስብስብ ችግር በየሆስፒታሉ መመዝገብና ማነጻጸር ጀመሩ። የአሜሪካ የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅም ፕሮግራሙን በ2004 ለሌሎች ሆስፒታሎች ክፍት አድርጓል።

በፔንሲልቬንያ የሚገኘው ጋይሲንገር የጤና ተቋም ከዚህም አልፎ ሄዷል። በ2006 ለልብ ደም ሥር ቀዶ ሕክምና አንድ ወጥ ዋጋ በመወሰን፣ በ90 ቀናት ውስጥ ለሚከሰት ተያያዥ ችግር ተጨማሪ ክፍያ እንደማይጠይቅ አስታውቋል። ይህን ማድረግ የቻሉት ሐኪሞቹ በሥራ ቅደም ተከተሉ ላይ አስቀድመው በመስማማታቸው ነው።

ይሁንና ውጤት በጥሬ ቁጥር ብቻ ከተመዘነ ሐኪሙ ሕመሙ የጠናበትን ሰው ለመቀበል ሊያመነታ ይችላል። በመሆኑም ንጽጽሩ የሕመምተኛውን ዕድሜና ተጓዳኝ ሕመሞች ያገናዘበ ሊሆን ይገባል። ቅድመ ፈቃድ ሲከለከልም ስፔሻሊስቱ የሕክምና ምክንያቱን በጽሑፍ አስደግፎ ይግባኝ ማለት ይጠበቅበታል።

በኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 690/2002 የመንግሥት ሠራተኞችን ጨምሮ ለመደበኛው ዘርፍ ማኅበራዊ የጤና መድንን ደንግጓል። በማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድንም አባላት ከጤና ጣቢያ በሪፈር ወደ ሆስፒታል ይላካሉ። የቀዶ ሕክምና ክፍሎች ከመድኑ ጋር ስለ ክፍያ በሚነጋገሩበት ጊዜ የሚያቀርቡት ማስረጃ ዛሬ በየመዝገባቸው የሚያሰፍሩት ነው።