የክረምት ቤት፦ ጠብታ፣ እርጥብ ካልሲ እና ከሰል

ክረምትን የሚያወድሱ ሰዎች አብዛኞቹ ጣሪያቸው የማያፈስ ሰዎች ናቸው። ዝናቡን በመስታወት አሻግረው እያዩ፣ ቡናቸውን ፉት እያሉ፣ «ደስ ሲል!» ብለው ቲክቶክ ላይ ይለቁታል። እኔ በዚያው ሰዓት ባልዲ እየቀየርኩ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ከአንድ ግቢ ጀርባ በተሠራች ሰርቪስ ቤት ስኖር ይህ ሦስተኛ ክረምቴ ነው። በእነዚህ ክረምቶች አንድ ነገር ታዝቤያለሁ። ቤት ውስጥ የሚያማርረን ዝናቡ ብቻ አይደለም፤ ብርዱን ሸሽተን የምንዘጋው በርና መስኮትም የራሱን መዘዝ ያመጣል። ወደዚያ እመጣለሁ። መጀመሪያ ግን ጣሪያው።

የቆርቆሮ ጣሪያ ተንኮለኛ ነው። በጋውን ሙሉ ዝም ብሎ ይከርምና በመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ጉዱን ያወጣዋል። ቀን ፀሐይ ሲመታው ይለጠጣል፣ ሌሊት ሲበርደው ይሰበሰባል። ይህ ለወራት ሲደጋገም ምስማሩ ይላላል፣ ከምስማሩ ራስ ሥር ያለችውም ጎማ ደርቃ ትሰነጠቃለች። ምስማር መመታት ያለበት በቆርቆሮው ጉብታ ላይ ነው፤ ውሃው የሚወርደው በጎድጓዳው ነዋ! ጎድጓዳው ላይ የመታ ሠራተኛ ለውሃው በር ከፍቶለት ነው የሄደው። የሚገርመው ደግሞ ጠብታው የሚወርድበት ቦታና ቀዳዳው ያለበት ቦታ ብዙ ጊዜ አይገናኙም። ውሃው ከገባ በኋላ ሞራሌውን ይዞ ይጓዛል፣ ኮርኒሱ ላይ ይንሸራሸራል፣ ከዚያ ደስ ባለው ቦታ ይወርዳል። የሚደሰተው ደግሞ ትራስ ላይ ሲወርድ ነው። ቀዳዳውን ለማግኘት የሚሻለው ዝናብ በሌለበት ቀን ኮርኒሱን ከፍቶ ወደ ላይ ማየት ነው፤ ብርሃን በመርፌ ቀዳዳ እንደሚገባ ሆኖ ብልጭ የሚልበት ቦታ ጥፋተኛው ነው።

እስከዚያው ድረስ ባልዲ። ባልዲ ግን ድምፅ አለው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ «ጠብ» ይላል፤ ቀጣዩን «ጠብ» ስትጠብቁ እንቅልፋችሁ ይሄዳል። መድኃኒቱ ባልዲው ውስጥ አሮጌ ፎጣ መጣል ነው። ጠብታው ፎጣው ላይ ሲያርፍ ድምፁ ይጠፋል። ውሃውም ዙሪያውን አይረጭም። ይህችን ዘዴ ያስተማረችኝ አከራዬ ናት፤ ጣሪያውን ከማሠራት ይልቅ ማለቴ ነው።

ከአከራዬ ጋር በየዓመቱ የምናወራው ወሬ አይቀየርም። ሐምሌ ላይ፦

«እትዬ፣ ጣሪያው እያፈሰሰ ነው።»

«ውይ ልጄ፣ በዚህ ዝናብ ማን ቆርቆሮ ላይ ይወጣል? ያባራና እናሠራዋለን።»

ኅዳር ላይ፦

«እትዬ፣ ያ ጣሪያ…»

«አሁን ያፈሳል እንዴ?»

«አሁንማ ዝናብ የለም።»

«እና ታዲያ!»

ክፉ ሴት አይደለችም። ዝናቡ ሲበረታ ሽሮ ትልክልኛለች። ግን ሕጉን ማወቁ አይጎዳም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አከራይ ያከራየውን ነገር በኪራዩ ዘመን በደህና ሁኔታ የመጠበቅ ግዴታ እንዳለበት ይናገራል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ደግሞ ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና ዘመኑ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይላል። ስለዚህ ውል ስትዋዋሉ «ጣሪያና ቧንቧ ሲበላሽ አከራይ ያሠራል» የምትል አንድ መስመር አስገቡ። ሲያፈስ ደግሞ በስልካችሁ ቪዲዮ ቅረጹና በቴሌግራም ላኩ፤ ቀኑ ራሱ ይመዘገባል። ኅዳር ላይ «ያፈስ ነበር እንዴ?» ሲባል ማስታወሻው አለ።

ስለ በረዶው ብዙ አልልም፤ ቆርቆሮ ቤት የኖረ ያውቀዋል። በስልክ የሚሠራ ሰው ግን ይታዘንለት። ኦንላይን ስብሰባ ላይ ተራዬ ደርሶ ማይኩን ስከፍት በረዶው ጀመረ። ውጭ አገር ያለው የሥራ ባልደረባችን በትሕትና «ምን እየጠበስክ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

ከዚያ ልብስ አለ። ክረምት ላይ ልብስ ማጠብ ቀላል ነው፤ ውሃው ከሰማይ ይመጣል። ማድረቁ ነው ጣጣው። የስልኬ የአየር ትንበያ አፕ ከሰኔ እስከ መስከረም አንድ ዓይነት ምስል ነው የሚያሳየኝ፦ ደመና፣ ከሥሩ ሦስት ጠብታ። እሱን ከማየት የከተማዋን ጠባይ ማወቅ ይሻላል። አዲስ አበባ ላይ የክረምት ዝናብ የሚበረታው ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላና ሌሊት ነው፤ ጠዋት ላይ ፀሐይ ብልጭ የምትልባቸው ቀናት አሉ። ስለዚህ ማታ አጥቦ፣ ጨምቆ አሳድሮ፣ ጠዋት ማስጣት። «ሲመሽ እመለሳለሁ፣ ያኔ አነሳዋለሁ» ያለ ሰው ሁለተኛ የታጠበ ልብስ ነው የሚያገኘው።

ፀሐይ ስትጠፋስ? ገመዱ ቤት ውስጥ ይገባል። ከአልጋው ራስጌ እስከ በሩ ካልሲና ሱሪ ይንጠለጠላል። እዚህ ጋ ነው የዘጋነው መስኮት ሥራውን የሚጀምረው። ከአንድ ሳፋ እርጥብ ልብስ የሚወጣው ውሃ በሊትር የሚቆጠር ነው። የት ይሄዳል? መስኮት ከተዘጋ ግድግዳው ላይ፣ ቁም ሣጥኑ ጀርባ፣ ፍራሹ ሥር። ላይ ድስት ጥዳችሁ የምታበስሉትን ጨምሩበት። ተኝተን የምንተነፍሰውንም እንዲሁ። ጠዋት መስታወቱ የሚያለቅሰው በዚህ ነው። ከሳምንታት በኋላ ቆዳ ጫማችሁ አረንጓዴ ፂም ያበቅላል፣ ልብሱም ያ የማይለቅ እርጥብ ሽታ ይይዘዋል። ሽቶ ብታርከፈክፉበት ሽቶና ሻጋታ ይሆናል እንጂ አይለቅም። ቁም ሣጥኑን ከግድግዳው አንድ ጣት ሁለት ጣት ያህል ራቅ ማድረግ፣ ልብስ ሲሰጣ መስኮቱን በእጅ ስፋት መክፈት፣ ግድግዳ ላይ የወጣውን ሻጋታ በውሃ በተበረዘ በረኪና መጥረግ። በረኪናውን ግን ከሌላ የጽዳት ኬሚካል ጋር አትቀላቅሉት፤ አፋኝ ጋዝ ሊወጣው ይችላል።

ስልክም ቢሆን የሚፈልገው አየር ነው። ዝናብ መትቶት ቤት የገባ ስልክ ወዲያው ሩዝ ውስጥ ይቀበራል። ይህ እምነት ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ግን አፕል ራሱ በ2024 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ለአይፎን ተጠቃሚዎች ሩዝ ውስጥ አትክተቱ ብሏል፤ የሩዙ ብናኝ ስልኩን ሊጎዳው ይችላልና። የሚመከረው የቻርጀሩን ቀዳዳ ወደ ታች አድርጎ በእጅ ቀስ ብሎ መታ መታ ማድረግ፣ ከዚያ ንፋስ የሚያገኝበት ቦታ ላይ መተው ነው። እስኪደርቅ ቻርጅ አይሰካም። «አምስት ፐርሰንት ነው የቀረኝ» እያሉ እርጥቡን መሰካት ነው ብዙውን ስልክ የሚገድለው። ሩዙን ቀቅሉና ብሉት።

ቻርጅ ካነሳን አይቀር፣ ያቺ መሬት ላይ የተጋደመችው ዲቫይደር። አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ስልኩ፣ ምድጃው፣ አምፖሉ ሁሉ በእሷ ላይ ነው። ከባልዲው ጎን ካስቀመጣችኋት ከጠብታ ጋር እየተጫወታችሁ ነው። ግድግዳ ላይ በምስማር ስቀሏት፣ ጠብታ ከሚወርድበት አርቋት። መብራት ሄዶ ሲመጣ ደግሞ ኃይሉ ዘልሎ ሊመጣ ስለሚችል፣ ሲጠፋ ፍሪጁንና ቴሌቪዥኑን መንቀል ልማድ ይሁን። እንጀራ እየጋገሩ መብራት የሄደባቸው እናቶች ግን ምንም ምክር አያስፈልጋቸውም፤ በዚያች ሰዓት አጠገባቸው አለመቆም ብቻ።

እስካሁን ያልኩት የሚያናድድ ነገር ነው። የቀረው ግን ይገድላል።

ባለፈው ነሐሴ ነው። አጠገቤ ያለውን ክፍል የተከራየች የኮሌጅ ተማሪ ነበረች። ለነገ የምትለብሰው ሹራብ አልደርቅ አላትና ደጅ ላይ ከሰል አያያዘች። ጠንቃቃ ልጅ ናት። ጭሱ እስኪያልቅ ውጭ አቆየችው፣ ፍሙ ጥርት ብሎ ሲቀላ ምድጃውን ወደ ውስጥ አስገባች። ሹራቡን ወንበር ላይ ዘረጋች፣ በሩን ዘጋች፣ ብርዱ እንዳይገባ በበሩ ሥር ጨርቅ ወተፈች። ከምሽቱ አራት ሰዓት ገደማ የጋራ ግድግዳችን ተመታ። አንዴ፣ ከዚያ ዝም፣ ከዚያ እንደገና በደካማው። ስሄድ በሩ አልተቆለፈም። መሬት ላይ ተቀምጣ ታስመልሳለች። «ምሳ የበላሁት ነገር ነው፣ ትንሽ ልተኛ፣ ይለቀኛል» ትላለች። አከራያችን ከኋላዬ መጥታ ምድጃውን ስታይ ጮኸች፦ «ምን ምሳ! ከሰል ነው! አውጣት!»

ደግፈን አወጣናት። ዝናቡ ላይ፣ በነጠላ ሸፍነን። ሆስፒታል ኦክስጅን ሰጥተዋት አደረች፣ በማግሥቱ ተመለሰች። ልተኛ ያለችውን እሺ ብለናት በሩን መልሰን ዘግተን ቢሆን ኖሮ ብዬ አሁንም አስባለሁ።

ሁላችንም ስለ ከሰል የምናውቀው ነገር ግማሽ ነው፦ ጭሱ ነው አደገኛው፣ ፍም ከሆነ ችግር የለውም እንላለን። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ግን ጭስ አይደለም። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ዓይን አያቃጥልም፤ ከጠራው ቀይ ፍምም ይወጣል። በደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅኑ ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ጥንካሬ ይይዘዋል። እየተነፈስን እንታፈናለን ማለት ነው። ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ የጉልበት መክዳት ነው። ጉንፋን ወይም የሆድ ሕመም ስለሚመስል ሰው ይተኛል። የተኛ ሰው ደግሞ ግድግዳ አይመታም።

«መስኮት ትንሽ ከፈት አድርጌ ባስገባውስ?» የሚለኝ ብዙ ነው። መስኮት አደጋውን ይቀንስ እንደሆነ እንጂ አያጠፋውም፤ ከሰል አጠገብ መተኛት ግን በምንም ሒሳብ አያዋጣም። ቡናውን በረንዳ ላይ አፍሉና ጀበናዋን ይዛችሁ ግቡ። ለብርዱ ሁለት ብርድ ልብስ፣ ሙቅ ውሃ በላስቲክ ሞልቶ እግር ሥር ማድረግ። ሹራቡ ካልደረቀ ያልታጠበውን ልበሱ፤ ማንም አያይባችሁም፣ ሁሉም ጃኬት ደርቧል። ከሰል በገባበት ክፍል አንድ ሰው ራሴን ካለ ጥያቄ ሳታበዙ ደጅ አውጡት፤ ከዚያ ደውሉ። የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ 939 ነው፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907። ሁለቱንም አሁኑኑ ስልካችሁ ላይ መዝግቡ፣ ይህን ጽሑፍ ሳትዘጉት።

ቡሄ ካለፈ ክረምት የለም ይባላል። እኔ ግን ከነሐሴ 13 በኋላ የወረደውን ዝናብ በባልዲ ስለምለካው በዚህ ተረት አልስማማም። የጳጉሜን ዝናብ ጠበል ነው ብለው የሚታጠቡበት ልጆች እስኪያልፉ፣ መስከረምም እስኪጋመስ ፎጣዬ ከባልዲው አይወጣም።

ዛሬ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ፀሐይ ወጣች። አከራያችን ግቢው መሃል ቆማ «ተነሱ! ልብስ ያላችሁ ተነሱ!» ብላ ጮኸች። በአምስት ደቂቃ ውስጥ አራት ሳፋ ገመዱ ሥር ተሰለፈ። የመሃለኛዋ ገመድ ብዙ ፀሐይ ስለምታገኝ እንደ ልማዳችን ተጨቃጨቅንባት፤ ጎረቤቴ የሹራቧን ነገር አንስታ አሸነፈች። የኔ ሁለት ሱሪዎች አጥሩ ጥግ ደርሷቸዋል። መስኮቴ ክፍት ነው። አሁን ይህን ስጽፍ አራት ሰዓት ሆኗል፣ በእንጦጦ በኩል ጠቆር ያለ ነገር እየተሰበሰበ ነው። የሚደርቁ አይመስለኝም።