ቁልፉ ዓይነቱን ይናገር

ሌሎች ፕሮግራመሮች የሚገለገሉበት የምስጠራ ላይብረሪ ስሠራ ከሁሉ አስቀድሜ የምጠይቀው፣ አንድ ቁልፍ ዓይነቱ በምን ይታወቃል የሚለውን ነው። «በርዝመቱ» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። አይሆንም። ኤክስ25519 ሁለት ወገኖች የጋራ ምስጢር የሚፈጥሩበት ቁልፍ ነው፤ ኢዲ25519 ደግሞ የዲጂታል ፊርማ ነው። ለማንም የሚሰጠው ይፋዊ ቁልፋቸው ግን የሁለቱም 32 ባይት ነው፤ ባይቶቹን ብቻ አይቶ የትኛው የትኛው እንደሆነ ሁልጊዜ በእርግጠኝነት ሊናገር የሚችል የለም። ለዚህ ነው እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው አርኤፍሲ 8410 የተባለው ሰነድ ለመጀመሪያው 1.3.101.110፣ ለሁለተኛው 1.3.101.112 የሚል መለያ ያስቀመጠው። የኤስኤስኤች ቁልፍም የዓይነቱን ስም በውስጡ ይዞ ይዞራል። ይህን አሠራር በጣም እወደዋለሁ።

አደጋው ያለው ዓይነቱን ከቁልፉ ሳይሆን ከመጣው መልእክት በሚያነብ ኮድ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ የሆነው፣ ጄደብሊውቲ የተባለውን የተፈረመ የመልእክት ቅርጽ የሚያነቡ አንዳንድ ላይብረሪዎች ድክመት ይኸው ነበር፦ አጥቂው በመልእክቱ ራስጌ ላይ በይፋዊ ቁልፍ የሚረጋገጠውን «አርኤስ256» በጋራ ምስጢር ወደሚረጋገጠው «ኤችኤስ256» ይቀይርና በይፋዊው ቁልፍ ይፈርማል፤ ላይብረሪው ያንኑ ቁልፍ እንደ ምስጢር ቆጥሮ የሐሰቱን ፊርማ ያጸድቃል።

ላይብረሪ የምትጽፉ ሁሉ፣ ቁልፍን እንደ ተራ ባይት አትቀበሉ። ዓይነቱን አብራችሁ ጠይቁ፤ ካልገጠመ እምቢ በሉ።