ቃሉ ለጆሮም ተሰጥቷል

ዛሬ ከራሴ ስሕተት እጀምራለሁ።

ለቤተ ክርስቲያናችን ዘበኛ፣ ለአንድ አባት፣ አዲስ ኪዳን ሰጠኋቸው። በሁለት እጃቸው ተቀብለው ሳሙት። ከዓመት በኋላ ሳየው ግን በፌስታል እንደተጠቀለለ ነው። “ለምን አያነቡትም?” ብዬ ወቀስኳቸው። አንገታቸውን ደፍተው፣ “ፓስተር፣ እኔ እኮ ፊደል አልቆጠርኩም” አሉኝ። ማፈር የነበረብኝ እኔ ነኝ። ዓመት ሙሉ “ቃሉን አንብቡ” እያልኩ ስሰብክ፣ እሳቸው በር ላይ ቆመው ይሰሙኝ ነበር።

መስማት ሁለተኛ ደረጃ ነው?

አይደለም! ሙሴ ሕጉ በየ7 ዓመቱ ለወንዶች፣ ለሴቶች፣ ለልጆችና ለመጻተኞች በጆሯቸው እንዲነበብ አዘዘ (ዘዳ. 31፥10-13)። ዕዝራ ሲያነብ ሌዋውያን ለሕዝቡ ያስረዱ ነበር (ነህ. 8)። የጳውሎስ መልእክቶችም በጉባኤ ተነበው የተሰሙ ናቸው (ቆላ. 4፥16)። በራእይ 1፥3 ብፅዕናው ለሚያነበው ብቻ ሳይሆን ለሚሰሙትም ነው።

በአገራችንም ይኸው ነው። በ1955 ዓ.ም. ብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ከአዲስ አበባ ማሰራጨት ጀመረ። በ1969 ዓ.ም. ደርግ ጣቢያውን ወረሰው፤ ወንጌል ግን ዝም አላለም። አብያተ ክርስቲያናት ተዘግተው ሳለ መዝሙር በካሴት እየተቀዳ ከእጅ ወደ እጅ ያልፍ ነበር። ዛሬ የካሴቱን ቦታ ስልክ ይዞታል። ባይብል ዶት አይኤስ በሚባለው አፕ አዲስ ኪዳን በድምፅ፣ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በወላይትኛና በሌሎችም ቋንቋዎቻችን በነጻ ይገኛል። መብራት ለሌለበት አገር ደግሞ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ማጫወቻ አለ።

“ይሄ የገጠር ጉዳይ ነው” እንዳትሉ። በቦሌ፣ በገርጂ፣ በሲኤምሲ፣ በአያት ፎቁን የሚሠሩት፣ ግቢያችንን የሚጠብቁት፣ ልጆቻችንን የሚያሳድጉት ብዙዎቹ ከየክፍለ ሀገሩ የመጡ ናቸው። በአማርኛ ይገበያያሉ፤ የሚያለቅሱት ግን በእናታቸው ቋንቋ ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

1. ቋንቋቸውን ጠይቁ። በእኛ ቋንቋ አንወስንላቸው።

2. አብራችሁ ስሙ። ድምፁን ስልካቸው ላይ ጭኖ መሄድ፣ እኔ መጽሐፍ ሰጥቼ እንደሄድኩት ነው። ፊልጶስ ሰረገላው ላይ ወጥቶ ከጃንደረባው ጋር ተቀመጠ (ሐዋ. 8፥31)። የቤት ሠራተኛ ያላችሁ ደግሞ ጊዜ ስጧት፤ ዕቃ እያጠበች ትስማ አትበሉ።

3. የሰሙትን በራሳቸው አፍ ይንገሯችሁ። ከዚያ ጠይቁ፦ ስለ እግዚአብሔር ምን ሰማን? ምን እንታዘዝ?

4. ከማርቆስ ጀምሩ። 16 ምዕራፍ ነው፤ በሳምንት ሁለት ብትሰሙ በ8 ሳምንት ይፈጸማል።

እኚያን አባት ይቅርታ ጠይቄ ማርቆስን በወላይትኛ አብረን መስማት ጀመርን። ምዕራፍ 2 ላይ ስንደርስ፣ ሽባውን ተሸክመው ጣሪያ የነደሉትን አራት ሰዎች ሲሰሙ፣ “አቁምልኝ” አሉ። ዝም ብለው ቆዩና፣ “ፓስተር፣ ሰውዬው በራሱ እግር መምጣት አይችልም ነበር አይደል?” አሉኝ። በማግስቱ ማታ የጎረቤት ዘበኞችን ሰብስበው፣ ታሪኩን አንድ ሳያስቀሩ ሲተርኩላቸው አገኘኋቸው።

ወገኖቼ፣ በደጃችሁ ማን አለ? በዚህ ሳምንት አንድ ሰው ይዛችሁ ጀምሩ።

ጸሎት፦ ጌታ ሆይ፣ በደጃችን ያለውን ሰው ያላየንበትን ዓይናችንን ክፈት። ቃልህን የምናሰማበትን ትዕግሥት ስጠን። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።